ኪሎው ያልተጠራለት ሰው

አባቴን ለዓመታት ሲለኩት ኖረዋል። ቁመቱን ለክተዋል፤ ክብደቱን ለክተዋል፤ የእጁን ጉልበት ለክተዋል። ከወንበር ብድግ ቁጭ እያስባሉ ሰዓት ይዘውበታል፤ ግቢያችን ውስጥ በኖራ አስምረው አራት ሜትር አስኪደውታል። በየጊዜው መጥተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሄደዋል። ምን ሆኖ እንደተገኘ ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ የነገረው ሰው የለም።

የማን ጥናት እንደሆነ አልጽፍም። ብጽፍ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው መጥተው ይቅርታ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ይቅርታ ለመቀበል ገና አልበረደልኝም። ጥናቱ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰዎችን ለረጅም ዓመት የሚከታተል ነው። ማን በጤና አረጀ፣ ማን እየዛለ ሄደ፣ ምን አዛለው፣ የሚለውን ይመረምራል። ክፉ ነገር ነው አልልም። ክፉ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ቀን በሩን ዘግቼ እገላገል ነበር። እኔን የሚያቃጥለኝ ደግ ነገር ይዘው መጥተው እንዲህ መሥራታቸው ነው።

አባቴ ይማም ይባላል። ተሸካሚ ነው። «ነበር» ማለት ገና አፌ አልለመደውም። በስልሳ ስድስቱ ድርቅ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከወረባቦ ወጥቶ ደሴ ደረሰ፤ ከደሴ እህል የጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥሎ መቐለ ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ያንኑ የመጣበትን እህል ማራገፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። እናቴን ሙሚናን ያገኛት እዚሁ እህል ተራ ነው። እሷም የወሎ ልጅ ናት፤ በርበሬ ትወቅጥና ትቸረችራለች። ወፍጮ ቤት በየሰፈሩ ከተከፈተ በኋላም ሙቀጫዋን አልተወችም፤ በእጅ የተወቀጠ የሚፈልግ ደንበኛ አላት። ሓድነት በሚባለው ሰፈር ባለችን ሁለት ክፍል ቤት የተወለድኩት እኔ ነዒማ ብቻ ነኝ። ከጦርነቱ በፊት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር፤ አሁን እዚሁ ሰፈር በአንዲት ትንሽ ሱቅ እሰፋለሁ።

የተሸካሚን ኑሮ ለማያውቅ ሰው ይሄ ታሪክ አይገባውምና ትንሽ ልንገር። ጠዋት ሁሉም እህል ተራ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ነጋዴው ሲመጣ ፊት አያይም፣ ስም አይጠይቅም። ክንድ ነው የሚያየው። ስለዚህ የመቐለ ብርድ እያንዘፈዘፋቸው እንኳ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለው ይጠብቃሉ። ነጋዴው በጣቱ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» ይላል፤ ያልተጠቆመበት ሰው ቤቱ ይገባል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በጣት ሲጠቆምበት የኖረ ሰው ነው። ሰው ሊያየው ሲመጣ ክንዱን ማሳየት እንጂ ሌላ ነገር ማሳየት አያውቅም።

አንድ ደንብም አላቸው። ጆንያውን አንስቶ ጀርባህ ላይ የሚያሸክምህ ሰው፣ እጁን ከመልቀቁ በፊት ኪሎውን ይጠራልሃል። «ሃምሳ ነው» ይላል፤ «መቶ ነው» ይላል፤ ከራሰም «ራሷል» ይላል። አባቴ እንደሚለው ወገብ አስቀድሞ ከሰማ ይሰናዳል፤ ካልሰማ ይቀጫል። ነጋዴ ቢሰድባቸው ዝም ይላሉ፣ ደላላ ቢቆርጥባቸው ይችላሉ፤ ኪሎ ሳይጠራ ያሸከመን ሰው ግን አይምሩትም።

አባቴ ቁጡ ሰው አይደለም። እኔን አንድ ቀን እንኳ በእጁ ነክቶኝ አያውቅም፤ ንዴቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ ከየት እንዳመጣሁት እናቴም ትጠይቃለች። በሕይወቱ ሰው የመታው አንድ ጊዜ ነው። የመታውም የልብ ጓደኛውን በድሩን ነው። ዝናብ የገባበትን የስኳር ጆንያ ሳይጠራለት አሸከመው። አባቴ ጆንያውን እንደ ምንም ብሎ መኪናው ላይ አድርሶ ተመለሰና በጥፊ አለው። በድሩ ጉንጩን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ መልሶ አልመታም። ማታ ሽማግሌ ይዞ ቤታችን የመጣው ተመቺው ነው። «አጥፍቻለሁ» አለ፤ አባቴም «አጥፍተሃል» አለውና ታረቁ። ማንም ደንቡን የሚጠይቅ አልነበረም።

የጥናቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ነው። ስብሓት የሚባል ነርስ ነበር የመጣው፤ ያኔ ገና ወጣት፣ ፂሙን የተላጨ፣ ሳቂታ። ቦርሳው ውስጥ እንደ ፒንሳ የሚጨበጥ፣ አናቱ ላይ ክብ ሰዓት የመሰለ ነገር ያለው ዕቃ ይዟል። በእጅ ሲጨመቅ ውስጡ ያለው ቀስት ይነሣና በደረሰበት ላይ ይቀራል። የእጅ ጉልበት የሚለካው በዚህ ነው፤ የእጅ ጉልበት ደግሞ የሰውዬውን የሰውነት ጉልበት ያሳያል ብሎ ነገረን።

«ጉልበት ነው የምትለካው?» አለ አባቴ። ደስ አለው። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና ለሥራ ወገቡን የሚያስርበትን ሻሽ ጠምጥሞ ወጣ። እጅጌውን ጠቀለለ። «ቢስሚላህ» ብሎ ትንፋሹን ያዘና ጨመቀ። ስብሓት ቀስቱን አይቶ ሳቀ።

«ኣቦይ ይማም፣ በጃኹም ማሽኑን እንዳትሰብሩብን» አለ።

ይቺ አንዲት ቃል እህል ተራን ዞረችው። «የመንግሥት ማሽን ልሰብር ነበር» እያለ አባቴ ለስንቱ አወራ። በድሩማ «ማሽን ሰባሪው» ብሎ ስም አወጣለት። ቀስቱ ስንት ላይ እንደቆመ ግን አባቴ አላየም። ዕቃው ሲጨመቅ ፊቱ ወደ ስብሓት ነው የሚዞረው። ለምን ሲባል፣ ቁጥሩን ያየ ሰው ወይ ይበረታል ወይ ያፍራል፣ ያኔ ልኩ ይበላሻል ተባለ። እሺ ይሁን። ለዚያች ለአንድ ደቂቃ ይሁን። ከዚያ በኋላስ? ሻይ እየጠጣችሁ መናገር ምን ያበላሻል? ይሄን ያኔ አልጠየቅኩም፤ የሚጠየቅም አልመሰለኝም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ጥናቱም ተቋረጠ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ መቐለ የነበረ ያውቀዋል። የሚሸከሙት ጠፍቶ ተሸካሚ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ዋለ። አባቴ ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረ፤ ሱና ነው አለ። ቆይቶ ማክሰኞንም ጨመረ፤ ረቡዕንም። እናቴ «የምን ጾም ነው አንተ ሰው፣ ረመዳን መቼ ገባ?» ስትለው «ነፍሴን ደስ ብሏታል» ይላታል። የእሱን ድርሻ እሷና እኔ በላነው። ቆሎ የምታካፍለን ጎረቤታችን ለተመድህን ባትኖር ኖሮ ሦስታችንም አንተርፍም ነበር። አባቴ ከዚያ ሲወጣ ኮቱ ሌላ ሰው የሚጨምር ያህል ሰፍቶት ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ስብሓትም ተመለሰ። እሱም ከስቷል፤ ሳቁም ቀንሷል። ያው መጨመቂያ፣ ያው አራት ሜትር፣ ያው ወንበር። አባቴ ወገቡን አስሮ ጨመቀ። ስብሓት ዝም ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ጻፈ። «እግዚአብሔር ይስጥልን ኣቦይ፣ ዕድሜና ጤና» ብሎ ሄደ። አባቴ አሁንም ማሽን ሰባሪ እንደሆነ ነው የሚያስበው። ሌላ ነገር ማን ነገረውና ነው።

ዘንድሮ አባቴ ወደቀ። አንድ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ሲያወጡ፣ ደረጃው መሐል ላይ ጉልበቱ ከዳው። ጆንያው ላዩ ላይ መጣ። በድሩ በባጃጅ አምጥቶት «ኧረ ምንም አይደለም፣ ጭቃ አዳልጦት ነው» አለን። ከወር ወዲህ ጠብታ ያልጣለበት ሰማይ ሥር ቁጭ ብለን ጭቃ አዳልጦት ነው ይለናል። ማታ እናቴ ጀርባውን በሞቀ ውሃ ስታሸው አየሁት። ከትከሻው እስከ ወገቡ ጠቁሯል።

«አበቃ» አልኩት። «ከእንግዲህ አትሄድም።»

«ትንሽ ነው ያመመኝ።»

«ሲሚንቶው ደረትህ ላይ ቢያርፍ ኖሮስ?»

«አላረፈማ» አለኝ።

ሦስት ቀን ተኝቶ በአራተኛው ጠዋት ሻሹን አስሮ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ፤ ለተመድህን ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። እሱ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ እንደሚቀር አውቄዋለሁ። እናቴም ታውቃለች፤ የምናውቀውን ይዘን እያንዳንዱን ቀን ባጃጅ በቆመ ቁጥር እየደነገጥን እናመሻለን።

በዚህ መሐል ስብሓት ደወለ። ለዘንድሮው ልኬታ እንደሚመጣ ነገረኝና አንድ ነገር ጨመረ። ከዘንድሮ ጀምሮ ደካማ ሆነው የተገኙ ሰዎች ለአዲስ ክትትል ይወሰዳሉ። ዓይደር አካባቢ የተከራዩት አዳራሽ አለ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሰውነት የምታጠነክር ባለሙያ ታሠራቸዋለች፣ ሐኪም ያያቸዋል፣ የሚመገቡትም ይሰጣቸዋል። ሸክም የመሰለ ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ማቆም ግዴታው ነው። ስልኩን ይዤ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ብለምነው የማይሰማኝን፣ ሐኪም ቢከለክለው ይሰማል። የቀረው አባቴ ደካማ ነው መባሉ ብቻ ነው።

«ጠንካራ ከተባለስ?» አልኩት።

«ከተባለማ አይገባም ነዒማ ሓብተይ። ደግሞ ምዝገባው ዘንድሮ ብቻ ነው።»

የዚያን ቀን ማታ አባቴ ፊት ቁጭ አልኩ። እግሩን እያጠበ ነበር።

«አባ፣ ስብሓት ሲመጣ ያንን ዕቃ በኃይል አትጨምቀው።»

«ለምን?»

«ቀስ ብለህ ያዘውና ተወው። ሲያስኬዱህም ቀስ በል። ወንበሩን ይዘህ ተነሣ።»

ገባው። ውሃውን ደፋና ቀና ብሎ አየኝ። «ላጭበርብር?»

«ማጭበርበር አይደለም። ወድቀህ የለም እንዴ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ደካማ ነኝ ልበል? ነገ በድሩ ቢሰማ፣ ነጋዴው ቢሰማ፣ ማን ይጠራኛል?»

«ማንም እንዳይጠራህ ነው የምፈልገው» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ። አንተ የምትኮራበት ክንድ እኛን በቁማችን እየገደለን ነው አልኩት፤ ስትሞት ክንድህን አቅፈን አናለቅስም አልኩት። እናቴ «ነዒማ፣ በቃሽ» አለች። አባቴ ፎጣውን አጣጥፎ ሄዶ ተኛ።

ስብሓት በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። «ከመይ ሓዲርኩም» ብሎ ገባና ጫማውን አወለቀ። አባቴ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን አስተካክሎ፣ ሙሽራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል። ኮቱ ሥር ሻሹን አየሁት። ገና በጠዋቱ አስሮታል። እዚያው ላይ ደሜ ፈላ።

መጀመሪያ ጥያቄ ነው። «ኣቦይ ይማም፣ ባለፈው ሳምንት ማንኛውንም ነገር ለመሥራት ከበድ ብሎዎት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ማለት፣ ከብዶዎታል ወይስ አልከበደዎትም?»

«አልሐምዱሊላህ ነው እንጂ ልጄ።»

«ምግብ እንደ ድሮው ይበላሉ?»

«ጌታ ይመስገን።»

«ወድቋል» አልኩ እኔ። «ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ ላይ ወድቋል። ጀርባውን ገልጠህ እየው። ግማሽ እንጀራ በልቶ ጠገብኩ የሚል ሰው ነው።»

ስብሓት አንገቱን ደፋ። «በጃኺ ነዒማ፣ መልሱ የእሳቸው መሆን አለበት። ደንቡ እንደሱ ነው።»

እንግዳ ፊት ሕመሙን የሚዘረዝር ሰው እኛ ቤት የለም። ጤናህ እንዴት ነው ለተባለ ሰው መልሱ ምስጋና ነው፤ ሌላ መመለስ ጌታን መክሰስ ነው። ይሄን ስብሓትም ያውቃል፤ የእሱም እናት ብትጠየቅ «ክብር ለእግዚአብሔር» ነው የምትለው። እያወቀ ጻፈው። እዚህ አገር ተወልዶ አድጎ፣ ይሄ ጥያቄ እዚህ ቤት እንደማይሠራ እያወቀ ጻፈው።

ከዚያ መጨመቂያውን አወጣ። አባቴ ኮቱን አወለቀ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ፤ እህል ተራ እንደሚያደርገው። ዞሮ እኔን አየኝ። «አባ» አልኩት። «ቢስሚላህ» ብሎ ትንፋሹን ያዘና ጨመቀ። የአንገቱ ሥሮች ተገተሩ፤ ከንፈሩ ነጣ። ስብሓት ሲያስለቅቀው አባቴ ላብ አጥምቆት ፈገግ አለ።

«እንዴት ነው? አልተሰበረም?» አለ።

«ጎበዝ ኣቦይ» አለ ስብሓት፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም።

አለቀ፤ አበላሸው አልኩ በልቤ። ለአንድ ጊዜ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ለእኛ ሲል እጁን ላላ ማድረግ አቃተው። ተነሥቼ ዕቃውን ከስብሓት እጅ ነጠቅሁ። ምን ያህል እንደጎዳን ለማየት ነበር የፈለግሁት። ስብሓት «አይፈቀድም፣ ነዒማ፣ አይፈቀድም» እያለ ተነሣ፤ እኔ ግን ፊቱን አዙሬ ለአባቴ አሳየሁት።

«ይኸው፣ እየው። ደስ ይበልህ» አልኩት።

አባቴ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አድርጎ አየ። «ምን ይላል?»

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ምን?»

«ኪሎ» አለ ስብሓት፣ ቀስ ብሎ።

ለእኔ ቁጥሩ ምንም አልነበረም። አሥራ ስምንት ብዙ ይሁን ትንሽ አላውቅም። አባቴ ግን ኪሎ ያውቃል። ሳቀ። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለ። «ድሮ ልሰብረው የነበርኩትን? ወድቆባችሁ ይሆናል፤ ተበላሽቷል።»

እናቴ በርበሬዋን እየለቀመች በር ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «እስቲ እኔ ልየው» አለች። ከእጄ ወሰደችው። ለቀልድ ነው የወሰደችው፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ልታበርደው ነው። ወገቧን አላሰረችም፣ ትንፋሿን አልያዘችም። ሙቀጫ እንደምትይዘው ያዘችውና ጨመቅ አደረገችው። ቀስቱ ከአሥራ ስምንት ላይ ተነሣና ሃያ ስድስት ላይ ሄዶ ቆመ።

እናቴ ቁጥር አትጠፋትም፤ በርበሬ በሚዛን የምትሸጥ ሴት ናት። ቀስቱን አየች። ከዚያ አባቴን አየችው። ዕቃውን ቀስ ብላ አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ አስቀመጠች።

«እውነትህን ነው» አለች። «ተበላሽቷል። ይሄ ዕቃ አይሠራም።»

እኔ ውስጥ የነበረው ንዴት የሚሄድበት ጠፋው። ማታውን ሙሉ አስመስል፣ ደካማ ምሰል እያልኩ የጮህኩበት ሰው፣ ያለውን ሁሉ አሟጦ ጨምቆ አሥራ ስምንት ነበር። ማስመሰል አያስፈልገውም ነበር። ከእኛ ቤት ይሄን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከዚህ ቤት ውጭ ደግሞ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

«ሙሚና» አለ አባቴ። «ተይ አትዋሺ።»

ወደ ስብሓት ዞረ። «አምና ስንት ነበር?»

ስብሓት እኔን አየ፤ በሩን አየ። «ኣቦይ፣ ይሄ ለጥናቱ ነው እንጂ...»

«አምና ስንት ነበር ነው ያልኩህ።»

«ሃያ አንድ።»

«መጀመሪያ የመጣህ ጊዜስ? ማሽን እንዳትሰብር ያልከኝ ጊዜ?»

«አርባ ኣቦይ። ወደ አርባ ነበር።»

አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ ከማለት ወረደ ማለት ይሻላል። ቀኝ እጁን ዘርግቶ መዳፉን አየው። እኔ ስብሓት ላይ ልጮህ አፌን ስከፍት እጁን አነሣብኝ። ድምፁ ከፍ አላለም።

«አምና ከዚህ ቤት ወጥተህ በሄድክ በማግስቱ ጤፍ ሳራግፍ ዋልኩ» አለ። «ዘንድሮ ሲሚንቶ ይዤ ፎቅ ወጣሁ። አንተ ሃያ አንድ መሆኔን ታውቃለህ። ሻይ ጠጥተህ፣ ዕድሜና ጤና ብለኸኝ ሄድክ።»

«ኣቦይ፣ እንድንናገር አልታዘዝንም። ሐኪም አይደለሁም፤ እኔ ለካሁ፣ ሰጠሁ...»

«በድሩን ለምን እንደመታሁት ታውቃለህ?» አለው አባቴ። ስብሓት አያውቅም። «ኪሎ ሳይጠራልኝ አሸከመኝ። አንተም አልጠራህልኝም። ይሄን ሁሉ ዓመት አሸከምከኝ እንጂ አልጠራህልኝም።»

ስብሓት ቆሞ ነበር። በድሩ ጉንጩን ይዞ የቆመ ዕለት እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ኣጥፍተናል ኣቦይ» አለ።

«አጥፍታችኋል» አለ አባቴ። «ሻይህን ጠጣ።»

እሱ ይሄን ብሎ ታረቀ። እኔ አልታረቅኩም። ሻዩን ስቀዳለት እጄ ከብርጭቆው ጋር ተጋጭቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ፤ አልጠረግኩትም። በየስንቱ ቤት፣ በየስንቱ ግቢ ስንት ሽማግሌ ወገቡን አስሮ ጨምቆላቸው ይሆን? ስንቱ ጎበዝ ተብሎ በማግስቱ ደረጃ ወጣ? ይሄን ጠየቅኩት። አለቆቹን እንደሚያናግር ነገረኝ። ይናገር፤ እኔም ይሄን የምጽፈው ነገሩ በእሱ ብቻ እንዳይቀር ነው።

አባቴ ያን ቀን ማታ ሻሹን አጥቦ አሰጣው። ጠዋት በልማዱ ሰዓት ተነሣ፤ ሰግዶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሻሹ ደርቆ ገመዱ ላይ ነበር። አላወረደውም። በድሩ ሊጠራው ሲመጣ «አሥራ ስምንት ነኝ» አለው። በድሩ አጠገቡ ተቀመጠ፤ የዚያን ቀን እሱም ሥራ አልገባም። የፈለግሁት ሆነልኝ፤ አባቴ ከሸክም ወጣ። እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። እሱ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ሲያይ ዋለ፤ እኔ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ስፌቱን እያጣመምኩ ዋልኩ።

ከሳምንት በኋላ ሚኒባስ ይዘን ዓይደር ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። ባለሙያዋ ኣርሴማ የምትባል ልጅ ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። እግር ላይ የሚታሰር፣ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ይዛ መጣችና አባቴ ፊት ተንበረከከች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልታስረው ስትል እግሩን ሰበሰበ።

«ስንት ነው?» አላት።

ገርሟት ቀና አለች። «ምኑ ኣቦይ?»

«ኪሎው።»

«አንድ ኪሎ ነው።»

አባቴ እግሩን ዘረጋላት። እስክታስር ጠበቀ፤ ወገቡን ቀጥ አደረገ፤ ትንፋሹን ያዘ። መቶ ኪሎ ሲሸከም እንደሚለው አድርጎ «ቢስሚላህ» አለና አነሣው።